ስድስት ዓመት የተስማማኝ የፀጉር ቀለም ዛሬ ለምን አሳበጠኝ?

ጥያቄ፦ “ዕድሜዬ 42 ነው። ሽበቴን ለመሸፈን ላለፉት ስድስት ዓመታት በውሃ የሚበጠበጥ ጥቁር የዱቄት ቀለም በየስድስት ሳምንቱ እቀባለሁ። አንድም ቀን ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። ባለፈው ወር ግን ከተቀባሁ ከሁለት ቀን በኋላ ከጆሮዬ ጀርባና አንገቴ ላይ ያሳክከኝ ጀመር፤ በማግስቱ የዓይኔ ቆብ አብጦ አንዱን ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። በሳምንቱ ለቀቀኝ። ፀጉሬን የምሠራበት ሳሎን ያለችው ልጅ ‘ቀለሙ ፎርጅድ ስለሆነ ነው፣ አሞኒያ የሌለው ኦሪጅናል ልቀባሽ’ ትለኛለች። እህቴ ደግሞ ‘ተፈጥሮ ነው’ ብላ ከዱባይ ጥቁር ሂና ልካልኛለች። ጎረቤቴ የፀጉር ቀለም ካንሰር ያመጣል ትላለች። ለእኔ ደህና የሚሆነው የትኛው ነው?”

ምላሽ፦ ከሦስቱ አንዱም ለእርስዎ አይሆንም። የቀድሞውን ዱቄት፣ “ኦሪጅናል” የተባለውንና ጥቁር ሂናውን የሚያገናኛቸው አንድ ኬሚካል ነው፤ ፓራ-ፌኒሌንዳያሚን ይባላል፣ በአጭሩ ፒፒዲ። ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ቋሚ ቀለሞች አብዛኞቹ የሚሠሩት በእሱ ወይም በቅርብ ዘመዶቹ ነው። የገለጹት ምልክት፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ የሚጀምር ማሳከክ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ አንገት፣ ከዚያም የዓይን ቆብ ማበጥ፣ የፒፒዲ አለርጂ በተደጋጋሚ የሚታይበት መልክ ነው። የራስ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ብዙም ሳይቆጣ ስሱ የዓይን ቆብ ያብጣል። ብዙ ሰው “ዓይኔን ምን ነካኝ?” እያለ የዓይን ሐኪም ዘንድ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ መታረም ያለበት “ስድስት ዓመት ተስማምቶኛልና እሱ ሊሆን አይችልም” የሚለው ሐሳብ ነው። ይህ አለርጂ በመጀመሪያው ቀን የሚመጣ አይደለም። ፒፒዲ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ያንን ጥምር እንደ ባዕድ መዝግበው ይይዙታል። ምዝገባው በሁለተኛው ቅብ ሊሆን ይችላል፣ በሃምሳኛውም ሊሆን ይችላል፤ በሚሆንበት ሰዓትም ምንም አይሰማም። ከተመዘገበ በኋላ ግን ቀጣዩ ቅብ እብጠት ያስነሳል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ደግሞ ፈጥኖና ከብዶ ሊመጣ ይችላል። ይህ ትዝታ በአብዛኛው ሰው ላይ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ስለዚህ የስድስት ዓመቱ ሰላም ተደጋጋሚ ንክኪ ነበር እንጂ ለቀጣዩ ዋስትና አይሆንም።

ምልክቱን ከተራ መቆጥቆጥ መለየትም ይጠቅማል። ቀለሙ ራስዎ ላይ እያለ የሚያቃጥል፣ ሲታጠብ የሚበርድና በዚያው ቀን የሚጠፋ ስሜት ከአሞኒያ፣ ቀለሙን ከሚያጠቁረው ፐርኦክሳይድ ወይም ቀድሞ ከተቧጨረ ቆዳ የሚመጣ ቁጣ ነው፤ አለርጂ አይደለም። ዘግይቶ መጥቶ ለቀናት የሚቆይ፣ ቀለሙ ካረፈበት ቦታ አልፎ የሚሄድ፣ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ግን አለርጂ ነው ብለው ይያዙት።

አሞኒያን በተመለከተ፣ አሞኒያ ቀለም አይደለም። ሥራው የፀጉሩን ቅርፊት አላልቶ ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዲገባ መክፈት ነው። “አሞኒያ የሌለው” ሲባል በቦታው ብዙ ጊዜ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ኢታኖላሚን የሚባል ሌላ ኬሚካል ገብቷል፤ የሽታው ነገር ይሻላል፣ ፒፒዲው ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ፎርጅድነትም ዋናው ምክንያት አይደለም። የተጭበረበረ ዕቃ መጠኑ ስለማይታወቅ የባሰ አደገኛ ነው፤ ይሁን እንጂ በሕጉ ልክ የተሠራው እውነተኛ ምርትም ፒፒዲ አለው፣ ከእርስዎ ጋርም የሚያጣላው እሱ ነው።

ቋሚ ቀለም በፀጉር ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ከገባዎ ማንም ሻጭ አያታልልዎትም። ፒፒዲ ራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። በጣም ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ወደ ፀጉሩ እምብርት ይሰርጋል። እዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያገኘውና ይለወጣል፣ ሬዞርሲኖልን ከመሳሰሉ ሌሎች ትንንሽ ሞለኪውሎች ጋር ተጋጥሞ ትልቅና ባለቀለም ሞለኪውል ይሆናል፤ ከዚያ መውጣት አይችልም። ሽበት የሚሸፍነውና በእጥበት የማይለቀው በዚህ ነው። በቤትዎ ማየት ይችላሉ፦ ከቱቦው ሲወጣ ነጭ ወይም ክሬም የነበረው ቅባት፣ በሳህኑ ጠርዝ ላይ የቀረው ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። እንዲህ በደቂቃዎች ውስጥ እየቆየ የሚጠቁር ቀለም የዚህ ወገን ነው። በውሃ ብቻ የሚበጠበጠው ዱቄትም እንዲሁ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ፐርኦክሳይድ የያዘ ሁለተኛ ጠርሙስ የሌለው የሚያጠቁረው ኬሚካል በደረቅ መልክ ከዱቄቱ ጋር ስለተደባለቀ ነው። “ውሃ ብቻ ነው የሚጨመርበት” ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም።

“ታዲያ አደገኛ ከሆነ እንዴት ይፈቀዳል?” የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አንድን የፀጉር ቀለም ሲገመግም እንስሳት ላይ ምንም ጉዳት ያላደረሰውን ከፍተኛ መጠን ይወስዳል፣ ከአንድ ቅብ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ሊገባ በሚችለው መጠን ያካፍለዋል፤ ውጤቱ ቢያንስ 100 መሆን አለበት። በዘር ቅንጣት ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነም ለብቻው ይፈተናል። በዚህ መንገድ ፒፒዲ ፀጉር ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ማስረጃ ያልቀረበባቸው 22 ሌሎች ቀለሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2006 መጀመሪያ አንስቶ ታግደዋል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ይህ የመቶ እጥፍ ስሌት የሚመልሰው የመመረዝን ጥያቄ መሆኑን ነው። የአለርጂ ጥያቄ ሌላ ነው። ፒፒዲ በአለርጂ አስነሺነቱ ከኃይለኞቹ ተርታ የሚመደብ መሆኑ ታውቆ ነው በማስጠንቀቂያ የተፈቀደው፤ አንዴ ለተመዘገበበት ሰው 2 በመቶው ከበቂ በላይ ነው። “ሕጋዊ ነው” እና “ለእኔ ደህና ነው” ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ከዚህም የላላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍት ቀለም ሴቶችን አሳወረ፣ ሞትም አስከተለ፤ ውስጡ የነበረው ይኸው ፒፒዲ ነበር። በ1938 የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ የሽፋሽፍትና የቅንድብ ቀለምን ከበድ አድርጎ ሲይዝ፣ ፒፒዲን ጨምሮ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ወገን የሆኑትን የፀጉር ቀለሞች ግን ማስጠንቀቂያና የቆዳ ሙከራ መመሪያ እስከለጠፉ ድረስ ከቅድመ ፈቃድ ነፃ አደረጋቸው። ስለዚህ “የአሜሪካ ዕቃ ነው” የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ቀለሙ ምንም አይነግርዎትም። ከዚሁ ጋር አንድ ማሳሰቢያ፦ ለራስ ፀጉር የተሠራ ቀለም በምንም ዓይነት ቅንድብና ሽፋሽፍት ላይ አይነካም።

አሁን ወደ ጥቁር ሂናው። ከሦስቱ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሂና የአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ነው፤ ድሬዳዋና ሐረር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ቀለም የሚሰጠው ላውሶን የሚባል ነገር ሲሆን ብርቱካናማ፣ ቀይ ወይም ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር አይሰጥም። ዱቄቱ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ የደረቀ ሣር ሽታ አለው፣ እጅ ላይ ሲታጠብ መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆኖ በሁለት ቀን ውስጥ ይደምቃል። እንሶስላ ታስሮ የሚያድረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተክል ቀለም ጊዜ ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁልጭ ያለ ጥቁር የሚሰጥ “ሂና” ካለ ፒፒዲ ተጨምሮበታል ማለት ነው፣ መጠኑም ማንም ስላልመዘነው ከ2 በመቶ እጅግ ሊበልጥ ይችላል፤ ለጌጥ በቆዳ ላይ ከሚሳለው ጥቁር ሂና አንዳንዱ ሲመረመር ከ15 በመቶ በላይ ተገኝቶበታል። አውሮፓ ውስጥ በሚሸጡ የፀጉር ቀለሞች ሳጥን ላይ “ከዚህ በፊት በጥቁር ሂና ጊዜያዊ ንቅሳት ተቆጥተው ከሆነ አይጠቀሙ” የሚል ማስጠንቀቂያ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ብዙ ወጣት ሴቶች በሠርግ ሰሞን እጃቸው ላይ በተሳለ ጥቁር ሂና አለርጂውን ይመዘግቡና ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያውን የፀጉር ቀለም ሲቀቡ ፊታቸው ያብጣል። ሳይቀቡት መጠየቅዎ ጥሩ ነው።

የካንሰሩ ነገር ጎረቤትዎ እንዳሉት በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ግምገማ በራስ ፀጉር ላይ ቀለም መጠቀምን በማስረጃ ማነስ ሳይመድበው ቀርቷል። የፀጉር ሥራ ባለሙያ ሆኖ በየቀኑ መጋለጥን ግን፣ በተለይ ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር በተያያዘ፣ “ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው” በሚለው መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ምደባ በአብዛኛው ድሮ በተሠራባቸው ቀለሞች ላይ ይንተራሳል፤ ከእነዚያ መጥፎ የነበሩት ጥቂቶቹ ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ከገበያ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 117,200 አሜሪካውያን ነርሶችን ለ36 ዓመታት የተከታተለ ጥናት ቋሚ ቀለም በጠቅላላው የካንሰር ቁጥር ላይ ጭማሪ እንዳላሳየ ሲገልጽ፣ በአንዳንድ የጡትና የዕንቁልጢ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ዓይነቶች ላይ ግን መጠነኛ ግንኙነት አይቷል። በ2019 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ቋሚ ቀለም በሚጠቀሙ ጥቁር ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር 45 በመቶ ከፍ ብሎ እንዳገኘ ጽፏል፤ በነጮቹ ላይ 7 በመቶ ነበር። ያ ጥናት የተሠራው ቀድሞውኑ እህታቸው በጡት ካንሰር በተያዘች ሴቶች ላይ ነው፣ ግንኙነትን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም። ቢሆንም ቁጥሩ ስለሚመለከተን ችላ የምለው አይደለም። ቤተሰብዎ ውስጥ የጡት ካንሰር ካለ፣ በየስድስት ሳምንቱ ቋሚ ጥቁር መቀባትን ለመተው ይህ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይሁንዎ። በእርስዎ ላይ ግን የቅርቡ አደጋ አለርጂው ነው።

ምን ያድርጉ? ፒፒዲን፣ የቅርብ ዘመዱን ቶሉዊን ዳያሚንን ወይም ማንኛውንም ሳህን ላይ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠቁር ቀለም ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ፤ “ጥቂት ብቻ ልሞክር” አይበሉ። ሌላ ሰው የሚያደርገውን የቤት ሙከራም (ጥቂት ቀለም ቆዳ ላይ ነክቶ ማየትን) በራስዎ ላይ አያድርጉ፣ ቆዳዎ መልሱን ሰጥቷልና። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ስለሆነው ነገር ይንገሩ፤ አዲስ አበባ ላይ አለርት ሆስፒታል ለቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ማረጋገጫው ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ምርመራ ነው፦ ፒፒዲ 1 በመቶ በቫዝሊን ተደርጎ ለ48 ሰዓት ይለጠፋል፣ ሲነሳ ይታያል፣ ከሁለት ቀን በኋላም እንደገና ይታያል። እብጠትዎ ከባድ ስለነበር ሐኪሙ ባነሰ መጠን ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ ዓይንዎ እንዴት እንደነበር ፎቶ ካለዎት ይዘው ይሂዱ። ምርመራው የሚደረገው ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ነው፤ የስቴሮይድ ክኒን እየወሰዱ ወይም ጀርባዎን በስቴሮይድ ቅባት እየቀቡ ከሆነ ውጤቱን ስለሚደብቀው አስቀድመው ይናገሩ።

አሁን ፀጉርዎ ላይ ያለው ጥቁር አያስጨንቅዎ። በደንብ ተሠርቶ የታጠበው ቀለም ትልቅ ሞለኪውል ሆኖ ስለተቆለፈ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አያስነሳም፤ መላጨት አያስፈልግም። ድንገት እንደገና ቢነካዎ በብዙ ለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሻምፑ ደጋግመው ይታጠቡ። ሎሚም ሆነ ቅቤ ቀለሙን አያስወጣም፤ ሎሚው የቆሰለውን ቆዳ ያባብሰዋል። ትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር ወይም የምላስ ማበጥ ወይም መላ አካልን የሚያዳርስ ሽፍታ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሳጥን ሲያነብቡ “ፒፒዲ የለበትም” የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ አይመኑ፤ ከጀርባው ያለውን ትንሹን ይፈልጉ። ያው ኬሚካል በልዩ ልዩ ስም ይጻፋል፦ ፓራ-ፌኒሌንዳያሚን፣ ፓራ-ዳያሚኖቤንዚን፣ 1,4-ዳያሚኖቤንዚን፣ 1,4-ቤንዚንዳያሚን፤ በቀለም ቁጥር ሲጻፍ 76060 ነው። ጥሬ ዕቃው ላይ የሚታየው መለያ ቁጥር ደግሞ 106-50-3። “ፒፒዲ የለበትም” የሚሉት ብዙዎቹ ቶሉዊን-2,5-ዳያሚን አላቸው፤ ለፒፒዲ አለርጂክ ከሆኑ ሰዎች ብዙዎቹ በእሱም ይቆጣሉ። ሜቶክሲሜቲል የሚል ቃል የተጨመረበት አዲሱ ዓይነት አለርጂን አዲስ የማስነሳት ኃይሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ቀድሞ ለተቆጣ ሰው ግን ያለ ሐኪም ምርመራ አይሞከርም። በቀላሉ ለማስታወስ፣ “ዳያሚን” ወይም “አሚኖፌኖል” የሚል ድምፅ ያለው ነገር ካዩ ሳጥኑን ይመልሱት። ስያሜ የሌለው፣ በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ ዱቄትማ ማንበብም አይቻልም፤ አይግዙት።

ሽበት መሸፈን ከፈለጉ የሚቀሩልዎት መንገዶች ጥቂት ናቸው፣ እንደ ቋሚ ጥቁርም አይሆኑም። የመጀመሪያው በፀጉር ሥር ላይ የሚረጭ ወይም በብሩሽ የሚነካ፣ ቀለሙን ከብረት ኦክሳይድ ያገኘ መሸፈኛ ነው፤ በአንድ እጥበት ይለቃል፣ ለሠርግና ለሥራ ቀን ይበቃል። ሁለተኛው ንጹሕ ሂና ተቀብቶ ከታጠበ በኋላ ንጹሕ የኢንዲጎ (ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ተክል) ቅጠል ዱቄት መቀባት ነው። ትከሻ ለሚደርስ ፀጉር ከእያንዳንዱ ከ200 እስከ 300 ግራም ይፈልጋል። ሂናው ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሎሚ ተበጥብጦ ያድራል፣ ከዚያ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ይቀባል። ኢንዲጎው ግን ማደር የለበትም፤ በውሃ ተበጥብጦ ከአስር እስከ አስራ አምስት ደቂቃ ከቆየ ወዲያው ይቀባና ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሂናውን ዘሎ ኢንዲጎ ብቻ ሽበት ላይ የቀባ ሰው ፀጉሩ ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሊያደላበት ይችላል። ጥቁሩም በመጀመሪያው ቀን ሙሉ አይወጣም፣ ቀን ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ከማበጠሪያ የወጣ ፀጉር ላይ ይሞክሩት፤ ዱቄቱ የብረት ጨው ተቀላቅሎበት ከሆነ ወደፊት ፐርኦክሳይድ ሲነካው ፀጉሩ ሊግልና ሊበጣጠስ ይችላል። ሦስተኛው ከቱቦው ባለቀለም ሆኖ የሚወጣ፣ ምንም የማይቀላቀልበት ጊዜያዊ ቀለም ነው፤ ሽበትን ያደበዝዛል እንጂ አይሸፍንም፣ አንዳንዱም ከፒፒዲ ጋር ስለሚዛመድ ከሐኪሙ ምርመራ በፊት አይጀምሩት። እንደ እኔ ምክር፣ የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ የሥር መሸፈኛውን ብቻ ይጠቀሙ።

የሳሎኗ ልጅም ይህን ብታውቀው ለራሷ ይበጃታል። አለርጂ የሌለበት ደንበኛ ላይ የቆዳ ሙከራ የሚደረገው ከ48 ሰዓት በፊት ነው፣ በዚያው ጠዋት አይደለም፤ ሙከራው ደህና ቢወጣም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ሪላክሰር የተሠራ ፀጉር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ምክንያቱም የተላጠ ቆዳ ኬሚካሉን አብዝቶ ያስገባል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይቀባም። ፀጉር የሚቆረጥ ከሆነ ከቀለሙ በፊት ይቆረጥ፣ አዲስ የተቀባ ፀጉር በባዶ እጅ እንዳይያዝ። ጓንቱ ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ላስቲክ የተሠራ ይሁን፣ ለአንድ ሰው ብቻ ይዋል፤ ተገልብጦ እንደገና የሚደረግ ጓንት ቀለሙን ከቆዳ ጋር አሽጎ ስለሚይዝ ከባዶ እጅ ይብሳል። የጣቶቿ ጫፍ መሰነጣጠቅና ማሳከክ ከጀመረ የሙያዋ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ሳትቆይ ትታከም።

አለርጂው ሲረጋገጥ በስልክዎ ላይ ይጻፉትና ለጥርስ ሐኪም፣ ለፋርማሲም ያሳዩት፤ ቤንዞኬይን ያለባቸው ማደንዘዣ ቅባቶችና ጄሎች ለፒፒዲ አለርጂክ የሆነን ሰው ሊያስቆጡ ይችላሉ። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሰው ሠራሽ ጨርቅ በብብትና በጭን አካባቢ ሽፍታ ካመጣብዎትም የጨርቁ ቀለም ሊሆን ስለሚችል ይንገሩ።

ከዱባይ የመጣውን ጥቁር ሂና ለሌላ ሰው አይስጡ፣ መደርደሪያ ላይም አያስቀምጡት። ፒፒዲ የበዛበት ዱቄት ሲዋጥ ገዳይ ነው፤ ሱዳን፣ ሞሮኮ፣ ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ጥቂት ግራም የዋጡ ሰዎች አንገታቸውና ምላሳቸው አብጦ የመተንፈሻ መንገዳቸው ሲዘጋ፣ ካመለጡም ሽንታቸው ጠቁሮ ኩላሊታቸው ሲቆም ሐኪሞች መዝግበዋል። ለብቻው የተሠራ ማርከሻ የለውም፤ የዋጠ ሰው በዚያው ደቂቃ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ዱቄቱን ከነመያዣው በሁለት ፌስታል አስረው ልጅ ከማይደርስበት ቆሻሻ ጋር ያስወግዱ፤ ሲይዙትም ጓንት ያድርጉ።